አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፦ ለጸሎት ሰዓታትን የሠሩ አባት

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም የፍልሰታ ጾም በየዓመቱ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። አሥራ አምስቱ ዕለታት በጾም፣ በጸሎት፣ በስግደትና በምጽዋት ካለፉ በኋላ ነሐሴ 16 ቀን በዓለ ዕርገቷ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚያስረዳው እመቤታችን በ64 ዓመት ዕድሜዋ ጥር 21 ቀን ካረፈች በኋላ ቅዱሳን ሐዋርያት የሥጋዋን ነገር እግዚአብሔር እንዲገልጽላቸው ከነሐሴ 1 ቀን ጀምረው ሁለት ሱባኤ ያዙ። ነሐሴ 14 ቀን ሥጋዋን ተቀብለው በጌቴሴማኒ ቀበሯት፤ በሦስተኛውም ቀን ተነሥታ ዐረገች። ምእመናን በዚህ ወቅት ሱባኤ የሚገቡት ይህንኑ የሐዋርያትን አብነት በመከተል ነው። ሱባኤ የሚለው ቃል ከሰባት ቁጥር የወጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም በሰባት በሰባት ቀን የተቆጠረ፣ መነሻውና መድረሻው አስቀድሞ የተወሰነ የጸሎት ጊዜ ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ የልደታ ሰፈር ስያሜውን ያገኘው በእመቤታችን ልደት ስም ከታነጸው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደቷን ንፍሮ ቀቅለው፣ ጠበል ጸዲቅ አዘጋጅተው የሚያከብሩ ቤተሰቦች፣ ክረምቱ በሚበረታበት በነሐሴ ወር ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዝናቡንና ጭቃውን ሳይሳቀቁ የፍልሰታን ቅዳሴ ለማስቀደስ ወደ ደጇ ይሄዳሉ። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ነባሮቹ የሰፈሩ ቤቶች ፈርሰው በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲተኩ፣ በርካታ የአካባቢው ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ቀድሞ የሌሊቱን ደወል ከአልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙ የነበሩ ሁሉ ዛሬ ደወሉ ከማይደርስበት ስፍራ ይኖራሉ። በሰፈሩ የቀሩትም ቢሆኑ የሥራ፣ የትምህርትና የመንገድ ሰዓት ይዟቸው ውሏቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ውሎ ጋር አልገጥም ይላቸዋል።

ስለዚህም በጾሙ ዋዜማ በብዙ ቤት የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ሱባኤው በምን ሥርዓት ይያዝ? መቼ ይጸለይ? ምን ያህልስ ይጸለይ? በመጀመሪያው ቀን በብርቱ ስሜት የተጀመረው ጸሎት በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ሲላላ፣ በመጨረሻም ጾሙ ከምግብ መከልከል ብቻ ሆኖ ሲቀር ይታያል። ለዚህ ችግር መፍትሔውን ከ600 ዓመታት በፊት በሥራቸውም በኑሯቸውም ያሳዩ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት አሉ። እኚህም ባዕለ ሰዓታት የሚል ቅጽል የተሰጣቸው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው። የዕረፍታቸው መታሰቢያ ሐምሌ 7 ቀን ሲሆን፣ ዕለቱ ከበዓለ ሥላሴ ጋር የሚገጥም በመሆኑ ብዙ ምእመናን የእርሳቸውን መታሰቢያ ልብ ሳይሉት ያልፋሉ። የፍልሰታ ጾም የሚገባው ከዚህ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀናት ቆይቶ ነውና፣ በጾሙ መግቢያ የእኚህን አባት ሕይወት ማስታወስ ተገቢ ይሆናል።

ትውልዳቸው

አባ ጊዮርጊስ በ1357 ዓ.ም. ገደማ በጥንቱ ቤተ አማራ፣ በዛሬው የወሎ ምድር፣ ሸግላ ወይም ሰግላ በምትባል ስፍራ ተወለዱ። በአንዳንድ ጥንታውያን መጻሕፍት ጊዮርጊስ ዘሰግላ ተብለው የሚጠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ከሚያገለግሉት ካህናት አንዱና በመጻሕፍት ዕውቀታቸው የተመሰገኑ ሊቅ ነበሩ። እናታቸው እምነ ጽዮን ይባላሉ። ሕፃኑ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ትምህርት ከአባታቸው ዘንድ ተቀብለው ለዲቁና ማዕርግ ከበቁ በኋላ፣ ጠለቅ ላለው ትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተላኩ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ በዘመኑ የነበረውን ሥፍራ መረዳት የአባ ጊዮርጊስን ሕይወት ለመረዳት ይጠቅማል። ከደሴ ከተማ በስተሰሜን በሐይቁ ውስጥ የሚገኘውን ይህን ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የትምህርትና የምንኵስና ማዕከል ያደረጉት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ በዚያ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔትም በቤተ መንግሥቱ ዐቃቤ ሰዓት በሚል ታላቅ ማዕርግ ይጠሩ ነበር። ትርጓሜውም ሰዓትን የሚጠብቅ ማለት ነው። ኋላ የሰዓታት ደራሲ የሆኑት አባት አለቃው ሰዓት ጠባቂ ተብሎ በሚጠራበት ገዳም ማደጋቸው ለሚያስተውል ሰው የሚያስደንቅ ነው።

ሰባት የፈተና ዓመታት

ገድላቸው እንደሚተርከው ወጣቱ ጊዮርጊስ በሐይቅ የገጠማቸው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። የሊቅ ልጅ ሆነው ሳለ ትምህርቱ አልገባ አላቸው። ጓደኞቻቸው ከመዝሙር ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ መጻሕፍት ሲሻገሩ እርሳቸው ግን ከጀመሩበት ፈቀቅ ሳይሉ ሰባት ዓመት ያህል ቆዩ። መምህራኑም ልጁ ለትምህርት የሚሆን አይደለም በማለት ወደ አባታቸው መለሷቸው። አባታቸው ግን ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ መልሰው ለመውሰድ አልፈቀዱም፤ ባይማርም በጉልበቱ ገዳሙን ያገልግል ብለው መልሰው ላኳቸው።

ከዚህ በኋላ ወጣቱ ዲያቆን የመነኮሳቱን እህል የመፍጨት ሥራ ተሰጣቸው። በዚያ ዘመን ወፍጮ የሴቶች ሥራ ተደርጎ የሚታይ እንደ መሆኑ፣ ለሊቅ ልጅ ይህ ቀላል ውርደት አልነበረም። እርሳቸው ግን ቀን እህሉን እየፈጩ፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመው እያለቀሱ፣ ማስተዋልን እንድትለምንላቸው መማጸናቸውን አላቋረጡም። ዛሬ ተጸልዮ ነገ የተመለሰ ልመና አልነበረም። ዓመታት ያለፉበት፣ በእያንዳንዱ ሌሊት በተወሰነ ሰዓት የተደጋገመ ልመና ነበር። በመጨረሻም እመቤታችን ተገልጣላቸው በቅዱስ ዑራኤል እጅ የልቡናን ጽዋ እንዳጠጣቻቸውና ከዚያች ዕለት ጀምሮ ምሥጢረ መጻሕፍት ሁሉ እንደተገለጠላቸው ገድላቸው ይመሰክራል።

ከዚህ የሕይወታቸው ክፍል የሚገኘው ትምህርት ከምሁርነታቸው የማይተናነስ ነው። የሰዓታት ሥርዓት ምንጩ በቅጽበት የተማረከ አእምሮ ሳይሆን፣ ምንም ፍሬ በማይታይበት ጊዜ እንኳ የጸሎት ሰዓቱን ያላጎደለ ትዕግሥት ነው። ጸሎት አልሳካ ያለው፣ ሲያነብ ልቡ የሚባዝንበት፣ ስንፍናው ተስፋ ያስቆረጠው ምእመን ሁሉ በዚህ አባት የወፍጮ ቤት ዓመታት ሊጽናና ይገባዋል።

በነገሥታት አደባባይ

አባ ጊዮርጊስ ከሐይቅ ከወጡ በኋላ አባታቸው ወዳገለገሉበት ቤተ መንግሥት ገቡ። ዘመኑ የአፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት ነበር። ከ1374 እስከ 1406 ዓ.ም. ድረስ የነገሡት አፄ ዳዊት ለእመቤታችን በነበራቸው ታላቅ ፍቅር የሚታወቁ ሲሆኑ፣ ተአምረ ማርያም ወደ ግእዝ የተመለሰው በእርሳቸው ዘመን ነው። እንዲህ ባለው ቤተ መንግሥት የሊቁ ዕውቀት ሳይታወቅ ሊቀር አልቻለም። የንጉሡን ልጆች እንዲያስተምሩም ተሾሙ። ኋላ በ1426 ዓ.ም. የነገሡትና በእመቤታችን ስም 33 በዓላት እንዲከበሩ ሥርዓት የሠሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ እንደነበሩ ይነገራል።

በዚሁ ዘመን ከእመቤታችን ምስጋናዎች መካከል በጣፋጭነቱ የታወቀው አርጋኖነ ውዳሴ በስማቸው ይጠራል። መጽሐፉ ለሳምንቱ ሰባት ዕለታት የተከፋፈለ ነው። ሰኞ የሚጸለየው ለሰኞ፣ ማክሰኞ የሚጸለየው ለማክሰኞ ተወስኖለታል። አንባቢው ዛሬ ምን ልጸልይ ብሎ እንዳይቸገር፣ ደግሞም በአንድ ቀን ሁሉን ልጨርስ ብሎ እንዳይታክት አስቀድሞ ታስቦለታል ማለት ነው። በቤተሰብ ዘንድ እጅግ የታወቀው ውዳሴ ማርያምም በዕለታት የተከፈለ መሆኑን ስናስብ፣ አባቶቻችን ለጸሎት መጠንን መወሰን የፍቅር እንጂ የስስት ምልክት እንዳልሆነ ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር እንረዳለን። ከእነዚህም ሌላ ውዳሴ መስቀል፣ ፍካሬ ሃይማኖትና ኆኅተ ብርሃን የተባሉት ድርሰቶች ከሥራዎቻቸው መካከል ይቆጠራሉ።

መጽሐፈ ሰዓታት

ይሁን እንጂ ስማቸውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው ዋናው ሥራቸው መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከእርሳቸው በፊት ቤተ ክርስቲያናችን ከግብፅ የተቀበለችው፣ ሰዓታት ዘግብፅ በመባል የሚታወቀው የጸሎት ሥርዓት ነበራት። አባ ጊዮርጊስ ግን ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን ንባባትን፣ ከመዝሙረ ዳዊት ምስጋናን፣ ከነቢያት ጸሎትን፣ ከእመቤታችንና ከቅዱሳን ውዳሴን አውጣጥተው፣ የራሳቸውንም ድርሰት ጨምረው ለሌሊትና ለመዓልት የሚሆን አዲስ ሥርዓት አዘጋጁ። ከዚህ ውስጥ ዛሬ በየአድባራቱና በየገዳማቱ በስፋት የሚቆመው የሌሊቱ ሰዓታት ነው። ማኅሌቱ የቅዱስ ያሬድ ርስት እንደሆነ ሁሉ፣ ሰዓታቱ የአባ ጊዮርጊስ ርስት ሆኖ የራሱ ዜማና የራሱ መምህራን አሉት። በፍልሰታ ጾም ሌሊት ከቤተ መቅደስ የሚሰማው ያ ልብ የሚመስጥ ዜማ ይኸው የእርሳቸው ሥራ ነው።

የሰዓታቱ መሠረት ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት ጊዜ እንድንጸልይ የሠራችው ሥርዓት ነው። ነቢዩ ዳዊት በ118ኛው መዝሙሩ በቀን ሰባት ጊዜ ማመስገኑን የተናገረ ሲሆን፣ ፍትሐ ነገሥትም በ14ኛው አንቀጽ ይህንኑ ይደነግጋል። እያንዳንዱ ሰዓት ባዶ ሰዓት አይደለም፤ ሁሉም የሚታሰብበት ነገር አለው። በነግህ አዳም መፈጠሩና ጌታችን በጲላጦስ ፊት መቆሙ ይታሰባል። በሦስት ሰዓት እመቤታችን የገብርኤልን ብሥራት መስማቷ፣ ጌታችን መገረፉና መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ ይታሰባል። በስድስት ሰዓት ስቅለቱ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ አሳልፎ መስጠቱ፣ በሠርክ ወደ መቃብር መውረዱ ይዘከራል። በንዋም፣ ማለትም በመኝታ ሰዓት፣ በጌቴሴማኒ መጸለዩ፣ በመንፈቀ ሌሊትም ልደቱ፣ ትንሣኤውና ዳግም ምጽአቱ ይታሰባሉ። በዚህ ሥርዓት የሚኖር ክርስቲያን በአንድ ቀን ውስጥ የመድኃኒቱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመላለስበታል።

የአባ ጊዮርጊስ ትልቁ ስጦታም እዚህ ላይ ይገኛል። ጸሎት በስሜት መነሣሣትና መውደቅ ላይ እንዳይመሠረት፣ ለሰዓቱ ባለቤት ሰጡት። ሰው ደስ ሲለው ብቻ የሚጸልይ ከሆነ ኀዘን ሲመጣ ዝም ይላል፤ ሲጨንቀው ብቻ የሚጸልይ ከሆነም ደስታው ያለ ምስጋና ያልፋል። ሰዓቱ ሲደርስ የሚጸልይ ግን በደስታውም በኀዘኑም ከፈጣሪው ፊት አይታጣም።

የእስር ዘመንና መጽሐፈ ምሥጢር

የአባ ጊዮርጊስ ሕይወት በቤተ መንግሥት ክብር ብቻ ያለፈ አልነበረም። በአፄ ዳዊት ዘመን ቢቱ ከሚባል በቤተ መንግሥቱ ተሰሚነት ከነበረው ሰው ጋር በሃይማኖት ጉዳይ ተከራከሩ። ክርክሩም ወደ ክስ አመራና ሊቁ ከንጉሡ ዘንድ ሞገስ አጥተው ለእስራት እንደተዳረጉ ይተረካል። የነገሥታት ልጆች መምህር የነበሩት፣ በእጃቸው የጻፉት ምስጋና በአደባባይ ይነበብላቸው የነበሩት አባት፣ ስለ እምነታቸው ሲሉ ከወንድሞቻቸው ተለይተው በግዞት ተቀመጡ።

ለሌሎች የጸሎትን ሰዓት የሠራ ሰው፣ የራሱ ሰዓት በሌላ ሰው እጅ በወደቀ ጊዜ ምን ያደርጋል? የአባ ጊዮርጊስ ሥርዓት የተፈተነው እዚህ ላይ ነው። ልማዳቸው በሐይቅ ወፍጮ ቤት የጸና ነበርና እስራቱ አላላላውም። ከእስር በኋላ የተገኙትም ልባቸው የቆሰለ፣ እጃቸው ከመጻፍ የሰነፈ ሽማግሌ ሆነው አልነበረም።

አፄ ዳዊት በ1406 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጃቸው ቀዳማዊ ቴዎድሮስ ነገሡ። ይህ ንጉሥ ለሊቁ ታላቅ አክብሮት ነበራቸው፤ ይሁንና ዘመነ መንግሥታቸው ከዘጠኝ ወር ያህል አላለፈም። ቀጥሎ በነገሡት በአፄ ይስሐቅ ዘመን አባ ጊዮርጊስ የመጨረሻውን ታላቅ ሥራቸውን መጽሐፈ ምሥጢርን አዘጋጁ። መጽሐፉ በ1416 ዓ.ም. ተፈጸመ። በዚህ መጽሐፍ ከሰባልዮስና ከአርዮስ ጀምሮ የተነሡትን መናፍቃን እያነሡ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በሰፊው አስረድተዋል። ሰንበተ አይሁድ የምትባለው ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበርም ተሟግተዋል። ይህ ጉዳይ ለብዙ ዘመናት የአገራችንን ገዳማት ሲያከራክር የኖረ ሲሆን፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በጉባኤ የተወሰነው እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1442 ዓ.ም. በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ነው።

መጽሐፈ ምሥጢርም ቢሆን ድርሳናቱ በዓመቱ በዓላት እንዲነበቡ ተደርጎ የተሰናዳ ነው። እንግዲህ ሥራዎቻቸውን ጎን ለጎን ላስተዋለ አንድ ሐሳብ ጎልቶ ይታየዋል። ሰዓታቱ ቀኑን፣ አርጋኖኑ ሳምንቱን፣ መጽሐፈ ምሥጢሩም ዓመቱን ለእግዚአብሔር ይቀድሳሉ።

ዕረፍታቸው

አባ ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢርን በፈጸሙ በዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. በ60 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። በስማቸው የሚጠራው የጋስጫ ገዳም በደቡብ ወሎ በቦረና አካባቢ እስከ ዛሬ የበረከት ስፍራ ሆኖ ይገኛል። ከእርሳቸው ጋር የተከራከሩት ባለሥልጣናት ስም ከጥቂት መጻሕፍት በቀር የትም አይሰማም። የእርሳቸው ሰዓታት ግን በዘመናት የተነሡትን ጦርነቶችና ስደቶች ሁሉ አልፎ በየሌሊቱ መቆሙን አላቋረጠም።

ለዘንድሮው ሱባኤ

ከእኚህ አባት ሕይወት ለቤተሰብ ሱባኤ የሚሆን ብዙ ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው ሱባኤን በራስ ፈቃድ ብቻ አለመጀመር ነው። ወጣቱ ጊዮርጊስ ትምህርት እምቢ ባላቸው ጊዜ እንኳ ከአባታቸውና ከገዳሙ አባቶች ትእዛዝ አልወጡም። ዛሬም ምእመናን ከጾሙ አስቀድመው ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው፣ እንደ ዕድሜያቸው፣ እንደ ጤናቸውና እንደ ሥራቸው ሁኔታ የሚችሉትን መጠን ሊቀበሉ ይገባል። ለጤነኛ ወጣት የሚሆነው የስግደት ቁጥር ለሕመምተኛ አረጋዊት አይሆንም። ስግደት በቀዳሚትና በእሑድ ሰንበት እንደማይሰገድም መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ለጸሎት ሰዓትን መወሰን ነው። ሰባቱንም ሰዓት በሙሉ መጠበቅ ያልተቻለው ምእመን ነግህን፣ ሠርክንና ንዋምን አጽንቶ ቢይዝ፣ በቀሩት ሰዓታትም በሥራው ገበታ ላይ ሆኖ በልቡ አቡነ ዘበሰማያትን ቢያደርስ ሥርዓቱን ጠበቀ እንጂ አላፈረሰም። ስድስት ሰዓት ሲሆን መስቀሉን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሞቱን የሚያስብ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ባለበት ሆኖ የሰዓታቱ ተካፋይ ነው። ከልደታ ደጃፍ ርቀው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይህ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ደወሉ ባይሰማም ሰዓቱ እነርሱ ጋ ይደርሳልና።

ሦስተኛው መጠንን ማወቅ ነው። መዝሙረ ዳዊት አሥር አሥር መዝሙር በያዙ አሥራ አምስት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ንጉሥ ይባላል። የፍልሰታ ጾምም አሥራ አምስት ቀን ነው። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ንጉሥ የሚያደርስ ሰው በበዓሉ ዋዜማ 150ውን መዝሙር ያለ ጭንቀት ይፈጽማል። በዚህ ላይ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ቢጨምር፣ በቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውንም የውዳሴ ማርያምና የቅዳሴ ማርያም ትርጓሜ ቢከታተል ሱባኤው ምሉዕ ይሆንለታል። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶችም ልጆቻቸው ሲያነቡላቸው እየሰሙ የጸሎቱ ተካፋዮች ይሆናሉ፤ ለልጆቹም ይህ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ቤት ነው።

አራተኛው ጸሎቱን ከሥራ ጋር ማስተባበር ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጸሎት በ14ኛው አንቀጽ ከደነገገ በኋላ በ15ኛው ስለ ጾም፣ በ16ኛው ስለ ምጽዋት ይናገራል። የሦስቱ መከታተል አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ያስረዳል። ለቁርስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ በኪስ ውስጥ ከቀረ ቁጠባ እንጂ ጾም ሊባል አይችልም፤ ለተቸገረ ጎረቤት ሲደርስ ግን ጾሙ ፍሬ አፈራ ይባላል። እንደዚሁም ከሰው ጋር የተጣላ በጾሙ የመጀመሪያ ቀናት ታርቆ ቢጀምር፣ ሰዓታቱን በንጹሕ ልቡና ይቆማል።

የመጨረሻው ደግሞ ሲወድቁ መነሣት ነው። አንድ ቀን በሥራ ብዛት ወይም በድካም ሰዓቱ ያለፈበት ምእመን ሱባኤው ፈረሰ ብሎ ሁሉን ሊተው አይገባውም። ለሰባት ዓመታት ምንም ሳይገባቸው በየሌሊቱ ወደ እመቤታችን ሥዕል የተመለሱት አባት ይህን አያስተምሩንም። ያመለጠው ሰዓት በንስሐ ይታለፋል፤ የሚቀጥለውም ሰዓት ሲደርስ እንደገና ይቆማል። ሰዓታት የተባለውም የአንድ ሰዓት ጸሎት ስላልሆነ ነው፤ አንዱ ቢያልፍ ሌላው ይመጣል።

እነሆ የወፍጮ ቤቱ ዲያቆን ለአገር ሁሉ የጸሎትን ሥርዓት አወረሱ። በዘንድሮው ፍልሰታም በየደብሩ ሰዓታቱ ሲቆም፣ በየቤቱም ትንሹ ትልቁ በየዐቅሙ ሰዓቱን ሲጠብቅ፣ የአባ ጊዮርጊስ ድካም ከንቱ እንዳልቀረ ይታያል። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የጻድቁ አባታችን የአባ ጊዮርጊስ ጸሎትና በረከት አይለየን። እግዚአብሔር አምላክ ጾሙን የሰላም፣ የይቅርታና የበረከት ጾም ያድርግልን። ለአገራችንና ለሕዝባችንም ሰላምን ይስጥልን።